የአያ ኢድሪስ እሳት

ጎንደር ውስጥ ስለ ሥዕል የሚያወራ ሰው መጀመሪያ የሚጠራው የእኔን ስም ነው፤ የማይጠራ ካለ ወይ እንግዳ ነው ወይ ምቀኛ። ይህን የምለው ለመመካት አይደለም። ቢሆንስ ምን ክፋት አለው? የሥዕል ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥሁም። ቡርሽ አያያዝ ያሳየኝ፣ ቀለም እንዲህ በጥብጥ ያለኝ ሰው የለም። ከአዘዞ እስከ አምባ ጊዮርጊስ በመንገዱ ግራና ቀኝ ያሉትን የፀጉር ቤትና የሉካንዳ በሮች የሣልሁ እኔ ነኝ። ጠዳ ላይ አንድ ሉካንዳ በር የሣልሁትን በሬ፣ እውነተኛ በሬ ቆሞ ሲያሸተው ባለቤቱ በዓይኑ አይቷል። ዛሬ ልጆቼ «አባዬ፣ አሁንስ ይበቃሃል፤ ተቀመጥ» ይሉኛል። መቀመጥ አልችልበትም። ገና በልጅነቴ አንድ በጋ እንዳልቀመጥ አድርጎ ለቆኛል።

ያን በጋ ያስታወሰኝ አይጥ ነው። በቀደም አዲስ ዓለም ሰፈር ጨርቅ የሚነግድ ሙስጠፋ የሚባል ወጣት አስጠራኝና «ጋሼ፣ የአያቴን ሥዕል አይጥ በልታብኛለች፤ እስቲ ይዩልኝ» አለኝ። ከሱቁ ጀርባ ካለው ጓዳ ጥቅሉን አውጥቶ ጣቃዎቹ ላይ ሲዘረጋው፣ ከዓይኔ በፊት አፍንጫዬ አወቀው። የቆዳ ሙጫ፣ ያረጀ አቡጀዲ፣ ጥቀርሻ፤ ከሁሉም ሥር ደግሞ ድብዝዝ ያለ የቅመሙ የእርድ ሽታ። እግሬ ሳላዘው መሬቱን ይመታ ጀመር።

ሥዕሉ አራት አዳኞች ናቸው። ሌሊት ነው፤ በቋራ ቆላ፣ ጫካ ውስጥ እሳት ከበው ተቀምጠዋል። ጠመንጃቸው ጉልበታቸው ላይ ነው። ከኋላቸው ዛፉ እንደ ግድግዳ ቆሟል፤ በዛፎቹ መካከል የአንድ ጅብ ዓይን ታበራለች። በስተቀኝ በኩል ደግሞ፣ ከትልቁ እሳት ራቅ ብሎ፣ አይጥ የበላችው ቀዳዳ አለ።

«ይገርማል እኮ» አለ ሙስጠፋ፣ «ይህን ሁሉ ጨርቅ ትታ ይችን ብቻ!»

እኔን አልገረመኝም። እዚያ ቦታ ምን እንደነበረና ከምን እንደተሠራ ከእኔ በቀር የሚያውቅ በሕይወት የለም።

ያን ዓመት ከአምባ ጊዮርጊስ ወደ ጎንደር የተላክሁት ለትምህርት ነው ተባለ። እውነቱ ግን የእናቴን አባት፣ አያ ታከለን እንድመራ ነው። አያቴ በጉብዝናቸው ቋራ ወርደው ጎሽ የጣሉ አዳኝ ነበሩ። እኔ በደረስሁበት ጊዜ ግራ ዓይናቸው ሞራ ለብሶ ጠፍቶ፣ ቀኙም መፍዘዝ ጀምሯል። «ሞራ» ሲሉ ስሰማ እኔ የማውቀው የበግ ሆድ ዕቃ ላይ ያለውን ነበር። ስብ ከሆነ ይቀልጣል አልሁ። ጠዋት ጠዋት አያቴን እጃቸውን ይዤ ምድጃው ዳር አስቀምጥና ፊታቸውን ወደ ፍሙ አዞራለሁ።

«ምነው ልጄ፣ ልትጠብሰኝ ነው እንዴ?» ይሉኛል።

«ትንሽ ይቆዩ አያ፤ አሁን ይቀልጣል።»

ግን የት ሊቆዩ! ወዲያው «ተነሥ እንሂድ» ይመጣል። ትከሻዬን እንደ ምርኩዝ ጨብጠው ወደ ቅዳሜ ገበያ እንወርዳለን፤ እዚያ እንደደረስን ወደ አራዳ፤ ከአራዳ ወደ ግንቡ አጥር። የምንገዛው ነገር የለም፤ የምንጠይቀው ሰው የለም። በጠራራ ፀሐይ «ቶሎ በል፣ ሊጨልም ነው» ይላሉ። እኔ ሰማዩን አያለሁ፤ ፀሐይዋ መሐል ላይ ናት። የሚያጣድፋቸው የትኛው ጨለማ እንደሆነ አይገባኝም ነበር።

የምንቀመጥበት ቦታ አንድ ብቻ ነው፤ አዲስ ዓለም፣ የአያ ኢድሪስ ጨርቅ ሱቅ። አያ ኢድሪስ የሙስጠፋ አያት ናቸው። በወጣትነታቸው ከአያቴ ጋር አብረው አድነዋል፤ ሁለቱ ጓደኞቻቸው ሞተው ከአራቱ የቀሩት እነዚህ ሁለቱ ናቸው።

«መጣህ? ጎሽ ያባረረህ!» ይላሉ አያ ኢድሪስ ገና ከሩቅ።

«እኔ ነኝ ጎሹን ያባረርሁት!»

«አዎ፣ ከፊቱ ከፊቱ ሆነህ።»

ሁለቱም ይስቃሉ። ይህን በየቀኑ ይባባላሉ፣ በየቀኑም አዲስ ነው።

አንድ ቀን ግን አያቴ አልሳቁም። «ኢድሪስ፣ ያችን የቋራ ሌሊት ላሥላት ነው» አሉ። «ይቺ ቀኟ ሳትሄድብኝ አንዴ ላያት እፈልጋለሁ። አንተም ከጎኔ ተቀምጠህ።»

አያ ኢድሪስ ተነሥተው ከመደርደሪያው አቡጀዲ አወረዱ፣ በክንዳቸው ለክተው ቀደዱ። አያቴ ኪሳቸውን ሲዳብሱ «ተው ወዲያ! የራሴን ፊት ለሚሣልበት ጨርቅ ላስከፍል?» አሏቸው።

ሠዓሊው አለቃ ጥሩነህ ነበሩ። ቤተ ክርስቲያን የሚሥሉ፣ ነገር ቶሎ የማይዋጥላቸው ካህን ናቸው። ገና ሥራው ሲነገራቸው «ሌሊት?» ብለው ጮኹ። «በሌሊት ምን ይታያልና ነው የሚሣለው?» እስከዚያን ቀን ድረስ ጨለማ ሥለው አያውቁም። አስበው አስበው ጥቀርሻ አዘዙ፤ ጥቀርሻ ማምጣትም የእኔ ሥራ ሆነ። ኩራዝ አበራና ገል እደፋበታለሁ፤ ገሉ ሲጠቁር በላባ እጠርጋለሁ። ይህን ሁሉ አድርጌ የማገኘው ከጥፍሬ ሥር የሚገባውን ያህል ነው። ስናፈጥ ጥቁር፣ ስተፋ ጥቁር። ትምህርት ቤት «ጥቀርሻው» አሉኝ። ይበሉ። ያ ሁሉ የቋራ ጨለማ ከእኔ አፍንጫ ተርፎ የሄደ ነው።

አለቃ አስተማሩት የሚል ሰው ዛሬም ይኖራል፤ ሐሰት ነው። ቀለም ሲበጠብጡ ጀርባቸውን ይሰጡኛል። አንድ ቃል ያገኘሁት ራሴ ጠይቄ ነው። አዳኞቹ እሳት ከበው ተቀምጠው፣ አራቱም ወደ እኛ እንጂ ወደ እሳቱ አይመለከቱም።

«አለቃ፣ ምነው እሳቱን አያዩትም?»

«እሳቱን ካዩ ፊታቸው ይዞራል። ከዞረ አንድ ዓይን ብቻ ይቀራል። በአንድ ዓይን የሚሣል ማን ነው? ሰይጣን ነው፣ ይሁዳ ነው፣ ያ ጅብ ነው። ደግ ሰው ሁለት ዓይን አለው። በል ጥቀርሻህን አምጣ!»

 አያቴ የቀራቸው አንድ ዓይን ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ክፋታቸው መቼ ይጀምር ይሆን እያልሁ እጠባበቅ ጀመር። ድመቷን በምርኩዛቸው ሲያባርሩ አይቼ ቈጠርሁባቸው። ትከሻዬን ጠበቅ አድርገው ሲይዙኝ ሊያንቁኝ መሰለኝ። ማታ ማታ ከእሳቸው ራቅ ብዬ፣ ከበሩ አጠገብ መተኛት አመጣሁ።

ሥዕሉ ያለቀው ሁዳዴ ከገባ በኋላ ነው። አለቃ ከአያቴ ቤት ግድግዳ ላይ ሰቅለውት፣ ምርቃት ተቀብለው፣ በማግሥቱ ቤተ ክርስቲያን ሊሥሉ ወደ ቆላ ድባ ሄዱ። ክረምት እስኪደርስም አይመለሱም። አያ ኢድሪስ ጥምጥማቸውን አሳምረው መጡ። አያቴ አንገታቸውን ጠምዝዘው በቀኝ ዓይናቸው አንዴ ሥዕሉን አንዴ ወዳጃቸውን ያያሉ።

«እህ? እንዴት ነው?»

አያ ኢድሪስ ቀርበው አዩ። ራቅ ብለውም አዩ። «ይህ ማን ነው?»

«አንተ ነሃ! ጥምጥምህን አታየውም?»

«አፌ ላይ ያለውስ ምንድን ነው?»

«ሥጋ ነዋ።»

«የማን ሥጋ?»

እኔም ወደ ሥዕሉ ዞርሁ። በእሳቱ ላይ አንድ ድኩላ ተሰቅሏል፤ አራቱም አዳኞች ከዚያው እየቆረጡ ይበላሉ። በእኛ አገር እስላምና ክርስቲያን በሰርግም በለቅሶም አይለያዩም፤ ሥጋ ላይ ግን ቢላው ለየብቻ ነው። አለቃ ይህን አላሰቡም። እሳት አንድ፣ ሥጋ አንድ አድርገው ጨረሱት።

«እሳቱ ሁለት ነበር፣ ታከለ» አሉ አያ ኢድሪስ። «እኔ ቢስሚላሂ ብዬ ያረድኋት ሚዳቋ የት ሄደች? እሳቴስ የት አለ?»

«አንድ ነበር። እስከ ዛሬ ይታየኛል፤ አንድ እሳት ነበር!»

«በአንድ ዓይን ስለምታይ ነዋ አንድ የሆነብህ!»

አያቴ ተነሥተው ቆሙ። ምርኩዛቸውን ወደ በሩ ቀሰሩ። «ውጣ ከቤቴ» አሉ።

«እወጣለሁ! ነገ ልጆቼ ይህን አይተው ምን ይበሉኝ? አባታችን የክርስቲያን ሥጋ በልቶ ጢሙን ያበሰ ነው ይበሉኝ? በገዛ ጨርቄ አከፈርኸኝ እኮ፣ በገዛ ጨርቄ!»

በሩ ተላተመ። እኔ ጥግ ይዤ፣ ይኸው አንዷ ዓይን ሥራዋን ጀመረች አልሁ።

ከዚያ በኋላ መቀመጫ ጠፋ። አያቴ ጠዋት ያስነሡኛል፣ እንሄዳለን፤ አዲስ ዓለም መታጠፊያ ስንደርስ ግን ይቆማሉ። የአዲስ ጨርቅ ሽታ እስከዚያ ድረስ ይመጣል። አየሩን ስበው «ተመለስ» ይሉኛል። ቤት ስንደርስ ሥዕሉ ፊት ያቆሙኛል። መጀመሪያ «የጅቡ ዓይን አለች?» አሉ። «አለች አያ» አልሁ፤ እሳቸው አላዩአትም። ሌላ ቀን ዛፎቹም ከዓይናቸው ሄዱ። ቀጥሎ ሁለቱ የሞቱት ጓደኞቻቸው ሄዱ። ከዚያ የራሳቸው ፊት፣ ከዚያ የአያ ኢድሪስ። በመጨረሻ ትልቁ እሳት ብቻ እንደ ቀይ ጭስ ቀረላቸው። ወዳጃቸው ከጎናቸው ሳይቀመጥ እሳቱም ሊሄድ ነው።

«አያ» አልኋቸው ደፍሬ፣ «እውነት እሳቱ አንድ ነበር?»

«ስንጠብስ ሁለት ነበር» አሉ። «ኢድሪስ የራሱን ወዲያ ማዶ አነደደ። ከበላን በኋላ ግን አንበሳ አገሣ። ኢድሪስ እሳቱን ትቶ፣ ወደ እኔ መጥቶ ጀርባውን ለጀርባዬ ሰጠኝ። የነጋልን በአንዱ እሳት ነው። እኔ ያየሁት ያንን ነው።»

«ታዲያ ምነው አልነገሯቸውም?»

«ዝም በል። ተነሥ እንሂድ።»

እንግዲህ እዚህ ላይ ነው የእኔ ታሪክ የሚጀምረው። አለቃ የሉም፤ ሙጫ የለም፤ ቡርሽ የለም። ቡርሹን ከአህያ ጅራት ፀጉር ሠራሁ፤ አህያዋ አንዴ ረግጣኛለች፣ ጠባሳው ዛሬም ከጉልበቴ በታች አለ። ቀዩን ከሸክላ ፍቄ አገኘሁ፤ ቢጫውን ከአክስቴ ከየሺ የእርድ ዕቃ። የሚያጣብቀውን ሳስብ ሳስብ እንቁላል መጣልኝ። ከዓመታት በኋላ አንድ ፈረንጅ ጥንት በእነርሱም አገር በእንቁላል ይሣል እንደነበር ነገረኝ። እኔ ከማንም አልሰማሁም፤ ከራሴ ነው ያወጣሁት።

እንቁላሉን አክስቴ ለፋሲካ ብላ ጤፍ ውስጥ ቀብራው ነበር። በሁዳዴ ቅዳሴ የሚወጣው ከቀትር በኋላ ነው። ያን ቀን አያቴ ለትምህርት ቤት ለቀውኝ ስመለስ እሷ ገና ቤተ ክርስቲያን ናት፤ አያቴ ከደጅ ፀሐይ ይሞቃሉ። በርጩማ ላይ ወጣሁ። በመጀመሪያ ከአያ ኢድሪስ አፍ ላይ ያለውን ሥጋ በጥቀርሻ ሸፍኜ ጢም አደረግሁት፤ ጢማቸው እስከ ደረታቸው ወረደ። ቀጥሎ በስተቀኝ፣ ጨለማው ባዶ በሆነበት፣ ሁለተኛዋን እሳት አነደድኋት። ቀለሙ እየፈሰሰ ሲያስቸግረኝ ዱቄት ጨመርሁበት፤ እንደ ገንፎ ወፈረ። በጣቴ እያነሣሁ ለጠፍሁት። ከላዩ አራት እግር ያለው ነገር አደረግሁ፤ ሚዳቋ ናት። ቡርሹ ሲበተንብኝ በከንፈሬ እያሾልሁ ነው የሠራሁት።

አክስቴ ገብታ ቅርፊቱን አየች።

«ወይኔ! በሁዳዴ! እንቁላል በላ! እስቲ አፍህን... ተመልከቱ፣ ከንፈሩ ቢጫ ሆኗል! አባባ፣ ይህ ልጅ ጾም ገደፈ!»

አያቴ በዳበሳ ገቡ። «በላህ?»

«አልበላሁም።»

«ታዲያ እንቁላሉ የት ገባ?»

የአለቃን ሥዕል ነካሁ ብል ከዚህ የባሰ ይመጣል ብዬ ዝም አልሁ። አክስቴ ንስሐ አባቷ ዘንድ ልትወስደኝ ክንዴን ስትይዝ ሸሚዜን ትቼላት አመለጥሁ። በአራዳ በኩል፣ ሰው እየገፋሁ፣ ማኪና እየጮኸብኝ፣ እስከ አዲስ ዓለም አልቆምሁም። አያ ኢድሪስ ጨርቅ እየለኩ ነው።

«አያ ኢድሪስ፣ እሳትዎን አነደድሁት!»

ቀና ብለው አዩኝ፤ ራቁት ደረት፣ ጥቁር አፍንጫ፣ ቢጫ ከንፈር። «ምን በልተህ ነው አንተ?»

«አልበላሁም!» ብዬ አለቀስሁ። «ሁሉም በላህ ይሉኛል፤ ምንም አልበላሁም!»

ሜትራቸውን አስቀመጡ። ነገሩን እየተንተባተብሁ ስነግራቸው መጀመሪያ ተቆጡ፤ ከዚያ ጢማቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሣቅ ነው።

«እኔንም እኮ በላህ ብለውኛል» አሉ። «ና፤ ሁለት ያልበላን ሰዎች እንሂድ።» ከጣቃው ቀደው ደረቴን ሸፈኑልኝ።

ስንገባ አክስቴ ቅርፊቱን እንደያዘች ቆማለች። አያቴ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አድርገው ተቀምጠዋል፤ ግን ሥዕሉን ሳይሆን አንድ ክንድ ፈንጠር ብሎ ያለውን ባዶ ግድግዳ ነበር የሚያዩት። አያ ኢድሪስ ይህን አዩ። ሣቃቸው ከፊታቸው ላይ ጠፋ።

«ታከለ።»

አያቴ አልዞሩም። «ጎሽ ያባረረህ ልበልህ እንዴ ዛሬ?» አሉ ቀስ ብለው፤ የወዳጃቸውን ቀልድ ገልብጠው ራሳቸው ያዙት።

«ኧረ እኔ ነኝ የምለው! እንዴት ነው፣ ይታይሃል?»

«እስከ ትናንት ድረስ እሳቱ ነበረ። ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ የለም።»

አያ ኢድሪስ ወደ ሥዕሉ ቀረቡ። ሁለተኛዋን እሳት ብዙ ተመለከቱ። «ይቺ እሳት ናት ወይስ ቡግንጅ? ሚዳቋ ቀርቶ ሽንብራ አትቆላም» አሉ። ይህን እያሉም የአያቴን እጅ ያዙ፤ አስነሥተው አቀረቧቸው፤ ጣታቸውን በጨርቁ ላይ ወሰዱት። በአለቃ ቀለም ላይ፣ በፊቶቹ፣ በጠመንጃዎቹ፣ በትልቁ እሳት ላይ ጣቱ ሳይቆም አለፈ፤ ሁሉም ልሙጥ ነው። በስተቀኝ ሲደርስ ተደናቀፈ።

«ይህ ምንድን ነው? ያበጠ ነገር አለ። ገና እርጥብ ነው።»

«እሳቴ ናት።»

አያቴ እጃቸውን አላነሡም። ዙሪያዋን ዳሰሱ፣ አራቱን እግር ቈጠሩ። «ሚዳቋዋ» አሉ። «ሁለት ነበር፣ ኢድሪስ። እውነትህን ነው፣ ሁለት ነበር።»

«የነጋልን ግን በአንዱ ነው» አሉ አያ ኢድሪስ።

አክስቴ ቅርፊቱን በነጠላዋ ጠቀለለችና ወጣች። ሁለት ዓይን የደግ፣ አንድ ዓይን የክፉ እንደሆነ አለቃ ነግረውኛል፤ ሁለቱም የጠፋበት ሰው ምን እንደሆነ ግን አልነገሩኝም ነበር። እሱን ያን ጊዜ ራሴ አየሁት። ማታ ከበሩ አጠገብ ተነሥቼ ከአያቴ ጎን ተኛሁ።

እስከ ክረምት ድረስ አያ ኢድሪስ እየመጡ በሥዕሉ ላይ ያለውን ይነግሯቸዋል። በየቀኑም አንበሳ ይጨምራሉ። አያቴ «ትናንት ይህ አልነበረም» ሲሏቸው «ገና አሁን ከጫካው ወጣ» ይላሉ። አያቴ በመጨረሻ «ዓይን ያለው ይውሰደው» ብለው ሰጧቸው፤ ወደ ሙስጠፋ ቤት የገባው እንዲህ ነው።

አይጧም የበላችው የእኔን ዱቄትና እንቁላል ነው። ጥሩ ምግብ የምታውቅ አይጥ ናት። ከጀርባ ጨርቅ ለጥፌ ከሙስጠፋ ሚስት እንቁላልና እርድ ጠየቅሁ። «ጋሼ፣ ሁዳዴ አይደለም እንዴ? እንቁላል ምን ያደርግልዎታል?» አለችኝ። ስቄ ተቀበልኋት። እሳቷን በጣቴ፣ እንደ ድሮው አወፍሬ፣ ያው ቦታ ላይ መለስኋት። ዘንድሮ ግን ሬት ጨመርሁበት፤ አይጧ ትቅመሳትና ታያታለች።

እንግዲህ ያደረግሁትን ልናገር፤ እኔ ካልተናገርሁ ማን ይናገርልኛል? ያለ አስተማሪ ሠዓሊ ሆኛለሁ። ሌሊትን ከኩራዝ ለቅሜ አምጥቻለሁ። የአህያ እርግጫ ችዬ ቡርሽ ሠርቻለሁ። በሁዳዴ እንቁላል ሰብሬ ጾሜን ሳልገድፍ ፋሲካ ደርሻለሁ። የአንድ ሰው ጢም በአንድ ቀትር አሳድጌአለሁ። በሬ በበሬ ሥዕል አታልያለሁ፤ ጠዳ ሄዶ መጠየቅ ነው። አንዲትን እሳት ሁለት ጊዜ አንድጃለሁ። ዓይኑ ለጠፋ ሰውም ሥዕል አሳይቻለሁ። ይህን ያደረገ ሌላ ሠዓሊ በጎንደር ካለ ይምጣና ይንገረኝ፤ ቆሜ እጠብቀዋለሁ።